ያልወረደው ጉርሻ

ሰው ስለ ልቡ ያወራል፣ ስለ ኩላሊቱ ያወራል። ስለ ጨጓራውማ ተዉት፤ በኛ በቆቦ ሁለት ሰው ተገናኝቶ «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ከተባባለ ቀጥሎ የሚነሳው ጨጓራ ነው። ምግቡን ከአፍ ተቀብላ ጨጓራ ድረስ ስለምታወርደው ቧንቧ ግን አንድም ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይንስ ሳስተምር ስለሷ የተናገርኩት ይሄንኑ ነው፦ «የምግብ ቧንቧ ምግብን ከአፍ ወደ ጨጓራ ታስተላልፋለች። ጻፉ። ቀጥሎ ጨጓራ!» ሰሌዳው ላይም አንድ ቀጭን መስመር ጫር አደርግና፣ ጨጓራን በሦስት ቀለም ጠመኔ አሳምሬ እስላለሁ። አንዴ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ቧንቧዋ ብትዘጋስ?» ብትለኝ፣ «አትዘጋም፤ ዝም ብለሽ ጻፊ» ብያታለሁ። ያቺ ልጅ አፉ ትበለኝ።

የኔ ነገር የጀመረው በቃር ነው። እኔ አበላሌ ፈጣን ነው። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ይሄ ልጅ ምግቡን አይበላውም፤ ይደብቀዋል» ትል ነበር። መምህር ስሆን ደግሞ ባሰብኝ። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለችው ዕረፍት በርበሬ የበዛበት ሽሮ በማሽላ እንጀራ ጠራርጌ፣ ጠመኔውን እንደያዝኩ ክፍል እገባለሁ። ማታም እራቴን በልቼ እጄን ሳልታጠብ ጋደም ነው። ከዚያ እሳቱ ከሆዴ ተነስቶ ደረቴን አቋርጦ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚታኘከውን ነጭ ክኒን ቆርጠም አድርጌ ተመልሼ እተኛለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

አምና ላይ ግን አዲስ ነገር መጣ። ምግቡ መንገድ ላይ ይቆም ጀመር። ደረቅ እንጀራ ስጎርስ ደረቴ መሃል ደርሶ ቆም ይላል። ውሃ እደፋበታለሁ። ትንሽ ያስብና ይወርዳል። እያደር ሥጋ አስቸገረኝ፣ ቀጥሎ ዳቦ። ለአንድ ምሳ አንድ ጆግ ውሃ መጨረስ ጀመርኩ። ባለቤቴ ዘይነብ አንድ ቀን ጆጉን ከፊቴ አንስታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ እየበላህ ነው ወይስ ሽንኩርት እያጠጣህ ነው?» አለችኝ።

«ጨጓራ ነው» አልኳት።

ጨጓራ ነው ማለት በኛ ዘንድ ጥሩ መልስ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አያስከትልም፤ ምክር ብቻ ነው የሚያስከትለው። አንዱ ተልባ በጥብጥ አለኝ፤ በጠበጥኩ። ሌላው አብሽ በባዶ ሆድ አለኝ፤ ጠጣሁ። አንዱ ባልደረባዬ፣ ያውም የሒሳብ መምህር፣ «እንጥልህ ወርዶ ነው» ብሎ ሮቢት ገበያ ላይ እንጥል ከሚቆርጡ ሽማግሌ ዘንድ ላከኝ። እኔ የሳይንስ መምህሩ ሄድኩ! የታመመ ሰው ያላደረገው የለም፣ አትፍረዱብኝ።

ሽማግሌው አፌን አስከፍተው በስልካቸው መብራት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እንጥልህ የት አለ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ተቆርጧል እኮ።»

«መቼ?»

«በሕፃንነትህ ነዋ። አቆራረጡን ሳየው አወቅሁት፤ የአባቴ እጅ ነው። አየህ እንዴት ንጹህ እንደሆነ?» አሉና ትንሽ በአባታቸው ሥራ ተደስተው ቆዩ። ከዚያ መብራቱን አጠፉ። «ልጄ፣ ቢኖርህ እቆርጥልህ ነበር። የሌለ ነገር አልቆርጥም።»

ወላሂ፣ እንደሳቸው ያለ ሐቀኛ ባለሙያ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ሰሞን ከታላቅ ወንድሜ ከአያ ሰይድ ጋር ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። አባታችን ጥሎልን ያለፈው የመስኖ ማሳ አለ። ለሁለት ተካፍለነው እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች እናርሳለን። ውሃው በአንድ ቦይ ነው የሚመጣው፣ በተራ እናጠጣለን። አንድ ቀን የሱ ተራ ነበር፤ እሱ ግን ዋጃ ለቅሶ ሄዷል። እኔ ማሳዬ ደርቆብኝ ነበርና ቦዩን ወደ ራሴ መለስኩት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነው። መሃል ላይ ትምህርት ቤት ስብሰባ ተጠራሁና ረሳሁት። የሱ ሽንኩርት ገና ከችግኝ የተዘዋወረ ነበር፤ የራያን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ጠወለገ፣ በአራተኛው ቀን አመድ ሆነ።

አያ ሰይድ መጥቶ፣ «ውሃዬን ማን መለሰው?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ፣ ደብተር የገዛልኝ፣ ለመምህርነት ያበቃኝ ሰው ነው። ግን አፈርኩ። አፍሬ ዝም ብልም ደግ ነበር፤ አስተማርኩት እንጂ! «አያ ሰይድ፣ ውሃ በተፈጥሮው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል። የኔ ማሳ ዝቅ ያለ ነው፤ ራሱ ሰብሮ ነው የመጣው» አልኩት። ቆሞ አየኝ። «እሺ፣ መምህር» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ትልቋን ልጁን ሲድር ከበሮውን የሰማሁት ከቤቴ ሆኜ ነው። በየዒዱ መስገጃው ላይ እሱ በአንድ ጥግ፣ እኔ በሌላ ጥግ ነን። ናፍቆኛል ብዬ ለዘይነብ እንኳ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር።

በመጨረሻ የተጣላ የሚያስታርቁት አበጋራችን ሼህ እንድሪስ ጉዳዩን ያዙት። ሼህ እንድሪስ አያያዛቸው ልዩ ነው። «ማን በደለ ብዬ ከጠየቅሁ ሌላ አራት ዓመት ትጣላላችሁ። እኔ የምጠይቀው ትታረቃላችሁ ወይ ብቻ ነው» አሉ። ሁለታችንም እሺ አልን። እኔማ ምን ጎድሎብኝ! እውነቱን ሳልናገር ልታረቅ ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። አዎ፣ እንዲህ ያልኩ ሰው ነኝ።

ነገር ግን በኛ መንደር እርቅ በቃል ብቻ አያልቅም። በግ ይታረዳል፤ ታራቂዎቹ ከአንድ ጎድን ሥጋ ይጎራረሳሉ። መጀመሪያ ታላቅ ያጎርሳል፣ ቀጥሎ ታናሽ። የጎረሰው ከዋጠ ታርቋል። ከተፋ ግን እርቁን ረግጧል፤ ዳግመኛ ሽማግሌ አይገባለትም። ይሄን ሰምቼ ቀጥ ብዬ ወደ ዘይነብ ሄድኩ። ከስድስት ወር ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም።

«ለሼሁ ንገራቸው» አለችኝ ዘይነብ።

«ምን ብዬ? ጉሮሮዬ ሥጋ አይወድም ብዬ? ሰበብ ፈለገ ነው የሚሉት።»

«አንተ ከመናገር መሞት ይቀልሃል» አለች። እውነቷን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከሼህ እንድሪስ ግቢ ከሾላው ጥላ ሥር ሃያ የሚሆን ሰው ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ። ሳህኑ ቀረበ። አያ ሰይድ ከፊት ለፊቴ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ አራት ዓመት በቅርብ አላየሁትም ነበርና ደነገጥኩ። ከጎድኑ ገነጠለ፣ በእንጀራ ጠቀለለ፣ ጠቀለለ፣ አሁንም ጠቀለለ። ከሳህኑ ሲነሳ አየሁት። ያ ጉርሻ አይደለም፣ ስንቅ ነው!

«ቢስሚላህ» አለና አፌ ውስጥ ከተተው።

እኔ ሥጋ ለመዋጥ ብዙ ማኘክ አለብኝ። ግን ሃያ ሰው አገጬን እያየ እንዴት አድርጌ ላኝክ? ትንሽ ስቆይ ከኋላ አንዱ «እያመነታ ነው» ሲል ሰማሁ። ሼህ እንድሪስ ወደኔ ጎንበስ ብለው «ዋጥ አድርጋት እንጂ ልጄ» አሉኝ። ዋጥኩ።

አንገቴን አለፈ። ደረቴ ውስጥ ገባ። መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። «ያ አላህ፣ ዛሬን ብቻ» አልኩ። አልሰማኝም። ውሃ ተቀብዬ ጠጣሁ። ውሃው ወርዶ ሥጋውን አገኘውና፣ መንገድ ሲያጣ በመጣበት ተመለሰ፤ በአፌም በአፍንጫዬም። አፌን ይዤ ሮጬ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ዞርኩ። የማሰማውን ድምፅ አልነግራችሁም።

«ተፋው!» አለ አንዱ።

«እርቁን ተፋው!»

ተመልሼ ስመጣ ሰው ሁሉ ቆሟል። «አልተፋሁም! ደረቴ ላይ ቆሞ ነው፤ አነቀኝ!» አልኩ።

«ያነቀው ሰው አይናገርም» አለ አንድ ሽማግሌ። «የኔ አጎት በአጥንት ሲታነቅ እንኳን ሊናገር ዓይኑ ነው የተገለበጠው። አንተ ይኸው ትጮሃለህ።»

«ሁለት ቧንቧ ነው ያለው! አንዱ የአየር ነው፣ ከፊት ነው። አንዱ የምግብ ነው፣ ከኋላ ነው። የተዘጋው የኋላው ነው፤ በፊተኛው እናገራለሁ!»

«ሁለት ካለህማ በሌላኛው ዋጠው!»

ሃያ ዓመት ካስተማርኩት ውስጥ ሕይወቴን ሊያተርፍ የሚችል ትምህርት ይሄ ብቻ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ።

አያ ሰይድ አልጮኸም። ብትሩን አነሳ። «አራት ዓመት ቆይቶ እንኳ ከእጄ መብላት ተጸየፈ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየኝም። ከጉርሻው ይልቅ ያቺ ንግግር ናት ያመመችኝ፤ እስካሁንም ታመኛለች።

ሼህ እንድሪስ ግን በቀላሉ የሚፈርዱ ሰው አይደሉም። «ተፍቶ ከሆነ ሥጋው መሬት ላይ መገኘት አለበት። ሂዱ ፈልጉ» ብለው ሁለት ሰው ላኩ። ሁለቱ ከቁልቋሉ ጀርባ ያለውን መሬት በዱላ እየጫሩ ሲመረምሩ ቆይተው መጡ። «ውሃ ብቻ ነው ያለው» አሉ። ተነፈስኩ። «ነገር ግን» አለ አንደኛው፣ «ውሻ አይተናል። ቀድሞን በልቶት ከሆነስ?»

እንግዲህ የኔና የወንድሜ ጉዳይ በውሻው ሆድ ላይ ተንጠለጠለ። ሼህ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ «እስኪጣራ ድረስ እርቁ ጸንቷልም አልጸናምም አልልም» አሉ።

ቤት ስገባ ጎረቤት ሁሉ ሊያድነኝ መጣ። አንዱ ጀርባዬን መታኝ። ጀርባዬን የመታኝን ሰው ሌላው «እንደሱ አይደለም» ብሎ ገፍትሮ እሱ መታኝ። ሦስተኛው ጥቅልል እንጀራ ሳላኝክ እንድውጥ አዘዘኝ፤ ከኋላ ገፍቶ ያወርደዋል በማለት። ያም ሄዶ ከሥጋው ጋር ወረፋ ያዘና ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ለስላሳ አጠጡኝ፤ አረፋውን በአፍንጫዬ አወጣሁት። አንዱማ «በእግሩ ዘቅዝቀን እናራግፈው» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር። ዘይነብ በሩ ላይ ቆማ «ባሌ ኩንታል አይደለም፣ ውጡልኝ!» ባትል ኖሮ ይሄን ጊዜ ተዘቅዝቄ ነበር። እስኪነጋ ቁጭ ብዬ ምራቄን በጣሳ ስተፋ አደርኩ። ምራቅ በቀን ይህን ያህል እንደሚመረት አስተምራለሁ እንጂ አምኜው አላውቅም ነበር።

ጠዋት ጤና ጣቢያ የመረመረኝ ባለሙያ ደረቴን አዳምጦ፣ ምራቄን አይቶ፣ «ይሄ በካሜራ ነው የሚወጣው። ደሴ ዛሬውኑ ሂድ። የሚፈርምልህ የቅርብ ዘመድ ይዘህ ሂድ» አለኝ። ዘይነብ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ አያ ሰይድ ቤት ሄደች። ምን እንዳለችው በኋላ ነው የሰማሁት።

«አያ ሰይድ፣ ወንድምዎ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። አሁን ካልመጡ ለቀብሩ ይመጣሉ።»

«ሥጋውን ተፍቶታል» አላት።

«ካልተፋውስ?»

«ካልተፋው ውስጡ አለ ማለት ነው። ውስጡ ካለ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለና ጋቢውን ለበሰ።

እንዲህ ሆኖ ወንድሜ አስታማሚም ሆኖ፣ ታዛቢም ሆኖ አብሮን ሚኒባስ ገባ። ዘይነብን መሃል አስቀመጥናት። አያ ሰይድ ከኔ ጋር ስለማይነጋገር ሁሉንም በሷ በኩል ነው የሚልከው። «በመስኮት በኩል ይሁን በይው።» እሷም ዞር ብላ «በመስኮት በኩል ሁን» ትለኛለች፤ በመካከላችን ያለው ርቀት የእሷ ትከሻ ብቻ ሆኖ ሳለ። ሮቢትን ስናልፍ «ያመዋል ወይ በይው» አለ። «ደህና ነኝ በይው» አልኩ። «አንቺም ደክሞሻል በሉኝ» አለች ዘይነብ።

እኔ በየደቂቃው በላስቲክ ጠርሙስ እተፋለሁ። ከፊት የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ዞር እያለች ስታየኝ ቆየችና ጎብዬ ላይ አላስችላት አለ። «እኔም የመጀመሪያዬን ሳረግዝ እንዲሁ ነበርኩ። ሎሚ አሽትት፣ ይተውሃል» አለችኝ። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። አያ ሰይድ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ይስቅ ነበር። ያን ቀን ሥጋው ባይኖር እኔም እስቅ ነበር።

ደሴ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ታሪኩን ከጠየቀችኝ በኋላ ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ቧንቧዋ ከአየር ቧንቧው ጀርባ ቁልቁል ትወርዳለች፤ በልብ ጀርባ ታልፋለች፤ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ በቀዳዳ አልፋ ጨጓራ ትገባለች። «ዝም ብላ የተዘረጋች ቱቦ አይደለችም። ጡንቻ ናት። እየጨመቀች ነው የምታወርደው፤ ተዘቅዝቀው ቢበሉ እንኳ ወደ ጨጓራ ትገፋዋለች» አለች። «ከታች በር አላት። በሩ ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይመጣል። ቃር የምትሉት እሱ ነው። ዓመታት ሲያቃጥላት ትቆስላለች፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው እያጠበባት ይሄዳል። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መምህር ነው» አለች ዘይነብ።

«ምን ያስተምራሉ?»

ዘይነብ አየችኝ። እኔ ጠርሙሴን አየሁ። «ሳይንስ» አለች ዘይነብ። ሐኪሟ ጨዋ ናት፤ የሣለችውን ወረቀት ሰጠችኝ።

የፈቃድ ፎርሙን ለአያ ሰይድ ሰጠችው። «አባባ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?»

አያ ሰይድ እስክሪብቶውን ተቀበለ። «ወንድሙ ነኝ። ግን አንነጋገርም» አለ።

«ፎርሙ ላይ ‹አይነጋገሩም› የሚል የለም» አለችው። ፈረመ።

ጉሮሮዬን በሚረጭ መድኃኒት አደነዘዙት፤ በጎኔ አስተኙኝ፤ አፌ ውስጥ የላስቲክ ቀለበት አስነከሱኝ። ከዚያ ካሜራ ያለው ጥቁር ቱቦ ገባ። ሲገባ የሚሰማውን ስሜት እንዲህ ነው ብዬ መግለጽ አልችልም፤ ደስ አይልም፣ በቃ። ዓይኔ እያነባ ስክሪኑ ላይ ያቺን በቀጭን መስመር የማልፋትን ቧንቧ አየኋት። ሮዝ ናት፤ እርጥብ ናት፤ ትንቀሳቀሳለች። ታች ጠባሳው ዘንድ ስንደርስ፣ ከበሩ ከፍ ብሎ ተወሽቆ አንድ ግራጫ ነገር ተቀምጧል። ሐኪሟ በመያዣ ያዘችው። «ይሄን ያህል!» አለች፤ ሳበች፤ ወጣ።

ውጭ የነበረው አያ ሰይድ በሩን አንኳኩቶ ሳይፈቀድለት ገባ። ሥጋው በብረት ሳህን ላይ ነው፤ አውራ ጣት ያህላል፤ ረጅም ጅማት አለው። ጎንበስ ብሎ አየው። አገላብጠሽ አሳዪኝ አላት፤ አገላብጣ አሳየችው።

«የኔ ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጉርሻዬ ነው። አልተፋውም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘይነብ በኩል ሳያልፍ ወደኔ ዞረ። «አልተፋኸውም» አለኝ። እኔ አፌ ደንዝዞ ነበርና ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ያኔ እንባዬ የቱቦው ይሁን የንግግሩ አልለየሁም።

ሐኪሟ ከጠባሳው ትንሽ ቆንጥራ ለምርመራ ላከች፤ ውጤቱ በኋላ አልሐምዱሊላህ ደህና ሆነ። ጠባቧን ቦታ በሌላ ቀጠሮ ውስጧ በሚነፋ ፊኛ እንደምታሰፋት፣ እስከዚያ ሾርባና ገንፎ እንጂ ሥጋ በአፌ እንዳይዞር ነገረችኝ። አያ ሰይድ ይሄን ሲሰማ ተጨነቀ። «እርቁስ? ደግሞ ካልበላ እንዴት ይሆናል?» አለ። ሐኪሟ ምን እርቅ እንደሆነ አልገባትም። ከዚያ ሥጋውን ስጪኝ አላት። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ክዳን ባለው የምርመራ ብልቃጥ ውስጥ ፈሳሽ ጨምራበት ሰጠችው። ቆቦ እስክንደርስ በሁለት እጁ ይዞት መጣ፤ በየመታጠፊያው ሹፌሩን «ቀስ በል፣ ማስረጃ ይዣለሁ» እያለ።

በሦስተኛው ቀን ያው ሃያ ሰው ከሾላው ሥር ተቀመጠ። አያ ሰይድ ብልቃጡን ሼህ እንድሪስ ፊት አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ወደ ብርሃን እያነሱ አዩት።

«ውሻው ነጻ ወጣ» አለ አንዱ።

«አልተፋም፤ ይሄ ታወቀ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ቀሪው ጥያቄ በልቷል ወይ ነው። ሐኪም ሥጋ ከልክላዋለች፤ ሌላ ጉርሻ አይቻልም። ይሄኛው መበላቱ ካልጸና እርቅ የለም።»

ከዚያ ክርክሩ ጀመረ። አንዱ ሆድ ያልደረሰ አልተበላም አለ። ሌላው ከጥርስ ያለፈ ተበልቷል አለ። ሼህ እንድሪስ ብትራቸውን ሰጡኝ። «የት ድረስ እንደሄደ አሳየን» አሉኝ። አቧራው ላይ ተንበርክኬ ሣልኩት። አፍ፣ ጉሮሮ፣ የአየር ቧንቧው በፊት፣ የምግቧ በኋላ፣ ልብ፣ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የጨጓራ በር። በሕይወቴ ያን ያህል ተጠንቅቄ አስተምሬ አላውቅም፤ ያን ያህል ጸጥ ያለ ክፍልም አላየሁም። «እዚህ ነው የቆመው» ብዬ ከበሩ ሁለት ጣት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነጥብ አደረግሁ።

ሼህ እንድሪስ ነጥቡን ሲያዩ ቆዩ። «ያ ጀማዓ፣ አንድ ሰው በረመዷን ቀን አውቆ ይሄን ያህል ቢውጥ፣ እዚህ ድረስ ቢወርድ፣ ፆሙ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?»

«ይፈርሳል» አሉ ሁሉም።

«ፆም ካፈረሰ በልቷል።»

ያ አጎቱ የታነቀው ሽማግሌ ግን አልተወውም። «ግን እኮ ወጥቷል!» አለ።

«የተበላ ሁሉ ይወጣል» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ይሄኛው መንገድ ቀየረ እንጂ ሌላ ምን አደረገ? በልቷል ብያለሁ።»

ሳቁ ሲበርድ አዲስ የታረደ በግ ጎድን ያለበት ሳህን ወደኔ ተገፋ። ለካ ተራው የኔ ነው! እኔ ስታነቅ ሁሉ ነገር ስለተቋረጠ አያ ሰይድን አላጎረስኩትም ነበር። ከጎድኑ ላይ ለስላሳውን መርጬ በትንሹ ጠቀለልኩ። አያ ሰይድ አፉን ከፈተ። እጄ አልሄድ አለኝ። ሥጋው ከደረቴ ወጥቷል፤ ሼሁ ፈርደዋል፤ የሚይዘኝ ነገር የለም። ግን ያ የሸበተ ጢም አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ፣ ልጅ ሆኜ ታምሜ ሲያጎርሰኝ የነበረው ሁሉ ታየኝና አልቻልኩም።

«አያ ሰይድ፣ ውሃው ራሱ አልሰበረም። እኔ ነኝ የመለስኩት። አራት ዓመት ዋሸሁህ» አልኩ። ሃያ ሰው እየሰማ።

አፉን ዘጋ። 

«አውቃለሁ» አለ። «የአካፋህን ምልክት ቦዩ ላይ አይቼዋለሁ። የመጣሁት እንድትነግረኝ ነበር፤ አንተ ስለ ዝቅተኛ ቦታ አስተማርከኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ብልቃጡን አየ፤ ሼሁን አየ። «እንግዲህ አንዴ ከተጀመረ እኔም ልናገር። ያን ዕለት ጅማታሙን መርጬ ነው ያጎረስኩህ። ትንሽ እንድታኝክ ብዬ ነበር እንጂ ወላሂ እንድትሞት አልነበረም።»